ባትሪ የሌለው ጆሮ፦ የሌቭ ቴርሜን ሕይወትና የእኔ ፕሮጀክት

ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የመረጥኩት ያለ ባትሪ የሚሠራ የሬድዮ መለያ ታግ ዲዛይን ነበር። ሂሳቡ ግን አልገጥም አለኝ። ታጉ ከአንባቢው መሣሪያ ርቆ ሲቀመጥ የሚደርሰው ኃይል በማይክሮዋት የሚቆጠር ነው፤ እኔ ደግሞ የራሱን ሞገድ የሚያመነጭ ማሠራጫ ልጭንበት እታገላለሁ! መንገዱን ያሳየኝ የአንድ ሩሲያዊ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሌቭ ቴርሜን በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። ፊዚክስም ቼሎም ተማረ። በ1920 ገደማ እጅ ሳይነካው የሚጫወቱትን የሙዚቃ መሣሪያ ፈጠረ፤ እጅ ወደ አንቴናው ሲጠጋ ካፓሲታንሱ ይለወጣል፣ ድምፁም አብሮ ይለወጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ስሙ ገነነ። በ1938 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በዓመቱ ታሠረ። ኮሊማ ለከባድ ሥራ ከተላከ በኋላ እስረኛ ሳይንቲስቶች ወደሚሠሩበት ምስጢራዊ ላቦራቶሪ ተዛወረ።

በ1945 የሶቪየት ተማሪዎች በሞስኮ ለአሜሪካው አምባሳደር ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ አርማ በስጦታ አበረከቱ። አምባሳደሩም መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ሰቀሉት። በሆዱ ግን የቴርሜን ሥራ ነበረ። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፤ ትንሽ የብረት ክፍተት፣ ስስ ሽፋንና አንቴና ብቻ። ከውጭ የሬድዮ ሞገድ ሲላክበት ይነቃል። ሰው ሲናገር ሽፋኑ ይርገበገባል፣ ካፓሲታንሱ ይለዋወጣል፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድም ንግግሩን ይዞ ይወጣል። ሞገዱ ሲቋረጥ ዝም ይላል። ታዲያ እስከ 1952 ድረስ ሳይደረስበት ቢቆይ ይገርማል?

እኔም ገባኝ። ታግ የራሱን ሞገድ ማመንጨት የለበትም፤ የመጣለትን እየለዋወጠ መመለስ ይበቃዋል። ማሠራጫውን አውጥቼ የአንቴናውን ጭነት የሚቀያይር አንድ ትራንዚስተር አስገባሁ። የተገኘው ኃይል ለቺፑ ሎጂክ ተረፈ፣ ሂሳቡም ገጠመ።

ቴርሜን በ1947 የስታሊን ሽልማት ተሰጠው፤ በ1993 ሞስኮ ውስጥ በ97 ዓመቱ አረፈ። ሙዚቃ ያሰማበትን እውቀት፣ በእስር ላይ እያለ ሰው ሳያውቅ ለማዳመጫ አዋለው። ይህ ነገር እረፍት ነሳኝ። የእኔም ታግ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ። ስለዚህ የይለፍ ቃል የሚያጣራ ክፍል ጨመርኩበት። ኃይል ይበላል፣ የንባብ ርቀቱም ቀነሰ። ቢቀንስም ይሻላል ብያለሁ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?