ሰር ሄንሪ ቢርኪን፤ የፍጥነት ዋጋና የከፋዩ ኪስ

በአውቶሞቢል እሽቅድምድም ታሪክ ስማቸው ዘወትር ከሚነሣው ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሰር ሄንሪ ቢርኪን ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገርለት ስለ ድፍረቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው ሌላውን የሕይወቱን ገጽ፣ ይኸውም ለመኪናዎቹ ፍጥነት የወጣውን ገንዘብና ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደ መጣ ነው። የመጀመሪያ ደመወዙን ተቀብሎ የመኪናውን ሞተር ለማጠንከር የሚያስብ ወጣት ቢኖር፣ ከዚህ ሰው ታሪክ የሚማረው አያጣም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢርኪን በ1896 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ተወለደ። ቤተ ሰቡ በዳንቴል ፋብሪካ የበለጸገ ስለ ነበረ በችግር አላደገም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ የበራሪዎች ጦር ውስጥ ሆኖ በፍልስጥኤም ሲያገለግል የወባ በሽታ ያዘው፤ ይህም ደዌ እየተመላለሰ ሲያስቸግረው ኖረ። ሲናገር ይንተባተብ ነበር። ነገር ግን ነጠብጣብ ያለበትን የአንገት ሻሹን አስሮ መሪ በጨበጠ ጊዜ ማንም የሚደፍረው አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ በ1921 ዓ.ም. በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ ጥቂት ጊዜ ተወዳደረ። ከዚያም ወደ ንግድ ሥራው ተመልሶ እስከ 1927 ዓ.ም. ከእሽቅድምድም ራቀ። በ1928 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በለማን ከተማ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ቤንትሌይ መኪና ይዞ ገባ። የመኪናው ክብደት እንዲቀንስ በማለት ክሪኩን ሳይጭን ስለ ሄደ፣ ጎማው በመንገድ ላይ በፈነዳ ጊዜ ቸርኬው ላይ የተጠመጠመውን ጎማ በቢላዋና በመዶሻ እየቀደደ ብዙ ጊዜ አጠፋ። በመጨረሻም ከባልደረባው ከዣን ሻሳኝ ጋራ አምስተኛ ወጣ። አንዲት ቀላል ዕቃ ለመቆጠብ ሲባል የጠፋው ጊዜ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ቢርኪን ከዚህ በኋላ ባለ አራት ሊትር ተኩሉ ቤንትሌይ ከተፎካካሪዎቹ ጋራ ለመሽቀዳደም ኃይሉ አነስተኛ ነው ብሎ አመነ። መፍትሔውም ሱፐርቻርጀር የተባለው መሣሪያ ነው አለ። ይህ መሣሪያ አየርን በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋ ነው። አየሩ በበዛ መጠን የሚቃጠለው ቤንዚን ይበዛል፤ ቤንዚኑ በበዛ መጠን ደግሞ ኃይሉ ይጨምራል። የኩባንያው መሥራች ደብልዩ ኦ ቤንትሌይ ግን ይህን አሳብ አልወደደውም። እርሱ የሚመርተው ሞተሩን ራሱን ማተለቅ ነበር፤ ስድስት ሊትር ተኩል ሞተር ያለውንና ስፒድ ሲክስ የተባለውን መኪና የሠራውም በዚሁ አሳብ ነው።

ቢርኪን ምክሩን አልተቀበለም። በዌሊን ጋርደን ሲቲ የራሱን ጋራዥ አቋቋመ፤ መሣሪያውንም አምኸርስት ቪሊየርስ የተባለ መሐንዲስ ነደፈለት። የወጪው ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ብቻውን አይገጠምም። አዲሱን ኃይል ይሸከም ዘንድ የሞተሩ ዋና ዘንግና አካሉ መጠንከር ነበረበት፤ የዘይቱም አሠራር መለወጥ አስፈለገ። መሣሪያው ከራዲያተሩ ፊት ስለ ተተከለ የመኪናው አፍንጫ ከበደ፤ የቤንዚኑም ፍጆታ እጅግ ጨመረ። እንዲህ እያለ አንዱ ወጪ ሌላውን ወጪ ይጠራ ጀመር።

የቢርኪን የራሱ ሀብት ይህን ሁሉ የሚችል አልሆነም። ስለዚህ ወይዘሪት ዶሮቲ ፓጄት የተባለች ባለጸጋ ገንዘብ እንድታወጣለት ጠየቀ። ይህች ሴት በእናቷ በኩል ከታወቀው የአሜሪካ የዊትኒ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ በፈረስ እሽቅድምድምም ስሟ የገነነ ናት። እርሷም እሺ አለች። ይሁን እንጂ ሌላ ችግር ነበር። በጊዜው በለማን ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው መኪና ለውድድር ይፈቀድ የነበረው ለሕዝብ የሚሸጥ 50 መኪና ሲሠራ ብቻ ነበር። የኩባንያው ሊቀ መንበርና ትልቁ ገንዘብ አውጪ ዎልፍ ባርናቶ፣ ቤንትሌይ እየተቃወመ፣ 50ው መኪናዎች እንዲሠሩ ፈቀደ። እንግዲህ የአንድ ሰው ምኞት ወደ ኩባንያው ሣጥን ገባ ማለት ነው። ከእሽቅድምድሞቹ ጋራ በጠቅላላው 55 መኪናዎች ተሠሩ።

በኃይል በኩል የተገኘው ለውጥ የሚናቅ አልነበረም። 110 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ለገበያ በተሠራው 175፣ ለእሽቅድምድም በተሠራው ወደ 240 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ ተሠርቶ ካለቀ ሞተር ላይ የተጨመረው ኃይል ብዙ ጊዜ ከመንገድ አስቀረው። በ1929 ዓ.ም. በለማን ቢርኪንና ባርናቶ አንደኛ የወጡት በሱፐርቻርጀሩ መኪና ሳይሆን ቤንትሌይ በመረጠው በስፒድ ሲክስ ነበር።

በ1930 ዓ.ም. በለማን ቢርኪን በሱፐርቻርጀሩ መኪና የጀርመናዊውን የካራቺዮላን መርሴደስ አሳድዶ ቀደመው። ሆኖም ውድድሩን የጀመሩት ሁለቱ የፓጄት መኪናዎች ሳይጨርሱ ቀሩ፤ መርሴደሱም ወጣ። አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ሁለት ስፒድ ሲክሶች ናቸው። በዚያው ዓመት በፖ ከተማ በተደረገው የፈረንሳይ ታላቅ ሽልማት ቢርኪን በዚያ ከባድ መኪና ከቀላሎቹ ቡጋቲዎች ጋራ ተሽቀዳድሞ ሁለተኛ ወጣ። ይህ የመኪናዪቱ ትልቁ ክብር ሆነ፤ ከዚህ በላይ ግን በታላቅ ውድድር አላሸነፈችም።

በጥቅምት ወር 1930 ዓ.ም. ወይዘሪት ፓጄት ገንዘቧን ከእሽቅድምድሙ ቡድን አወጣች። ቢርኪንም ጋራዥና ሠራተኛ ይዞ ያለ ከፋይ ቀረ። የቤንትሌይ ኩባንያ ደግሞ ከ1929 ዓ.ም. በኋላ በዓለም ላይ የደረሰው የንግድ ውድቀት ስለ ጎዳው፣ ባርናቶም ተጨማሪ ገንዘብ አላወጣም ስላለ፣ በ1931 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት ተሸጠ፤ ሮልስ ሮይስ ወደ 125 ሺህ ፓውንድ በሚሆን ዋጋ ገዛው። ኩባንያውን ያወደቀው ሱፐርቻርጀሩ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን በጭንቅ ጊዜ ለ50 መኪናዎች የወጣው ገንዘብና ድካም ሸክሙን አላቀለለለትም።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ቢርኪን በዚያው በ1931 ዓ.ም. ከሎርድ ሃው ጋራ በአልፋ ሮሜዎ መኪና ለማንን እንደ ገና ማሸነፉ ነው። አልፋ ሮሜዎውም ሱፐርቻርጀር ነበረው። ልዩነቱ ግን ኢጣልያኖቹ ሞተሩን ገና ሲነድፉት ከመሣሪያው ጋራ አስማምተው መሥራታቸው ነው። ስለዚህ ቢርኪን በአሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በሌላ አሳብ በተሠራ ሞተር ላይ ያንኑ በመጫኑ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ባለ አንድ መቀመጫ በሆነችው የሱፐርቻርጀር ቤንትሌይ በብሩክላንድስ በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ የሜዳውን ክብረ ወሰን ያዘ። በ1933 ዓ.ም. በትሪፖሊ በማሴራቲ መኪና ሦስተኛ በወጣበት ውድድር ክንዱን በሞተሩ የጭስ መውጫ ቱቦ ተቃጠለ። በሰኔ ወር በ36 ዓመቱ አረፈ። አንዳንዶች የገደለው የቁስሉ መመረዝ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የዱሮው ወባ ነው ይላሉ።

ያች ባለ አንድ መቀመጫ መኪና በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ከዚያ ገንዘብ ቢርኪን አንዲት ሳንቲም አላገኘም።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ፍጥነትን መጥላት አይደለም። መኪናውን ለማጠንከር የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ፍሬኑ፣ ጎማውና ማቀዝቀዣው ሌላ ምን ይጠይቁኛል? ሁለተኛ፣ በየወሩ የሚጨምረውን ቤንዚንና ጥገና ደመወዜ ይችለዋል? ሦስተኛውና ዋናው፣ ገንዘቡ የራሴ ነው ወይስ የሌላ? በሌላ ሰው ገንዘብ የተሠራ ሥራ ባለ ገንዘቡ እጁን ባነሣ ቀን ይቆማል። ቢርኪን ድፍረቱ የራሱ ነበር፤ ከፋዩ ግን ሌላ ነበረ።