የዋልታው መርከበኛ ካርል ቫይፕሬክት

ባለፈው ዓመት የሳይንስ መምህራችን የአየሩን ሙቀት እንድንለካ አዘውን ነበር። አንዱ ጧት፣ ሌላው በቀትር፣ እኔም ትዝ ባለኝ ጊዜ ለክተን ቁጥራችንን ብናቀርብ፣ እርስ በርሱ የሚነጻጸር ጠፍቶ ድካማችን ከንቱ ሆነ። የማን ቁጥር እንደሚበልጥ ግን ስንከራከር ዋልን። በዚያው ሳምንት የካርል ቫይፕሬክትን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ አፈርሁ። ስለዚህ ይህን ሰው ለጓደኞቼ ላስተዋውቅ ወደድሁ።

ቫይፕሬክት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። በ1856 በኦስትሪያ የባሕር ኀይል ገባ። በ1872 ከጓደኛው ከዩልዩስ ፓየር ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር ሲጓዝ የመርከቢቱ አዛዥ እሱ ነበር። ነገር ግን ቴጌትሆፍ የተባለችው መርከባቸው በነሐሴ ወር በበረዶ ተያዘች፤ ከዚያም ወዲያ አልተለቀቀችም። በረዶው እንደ ወደደ ሲነዳቸው ቆይቶ፣ በ1873 ያልታወቀ ምድር አገኙ፤ በንጉሠ ነገሥታቸውም ስም የፍራንስ ዮሴፍ ምድር አሉት። ፀሐይ ለወራት የማትወጣበትን ሌሊት ሁለት ጊዜ ሲያሳልፉ፣ ቫይፕሬክት የማግኔቱን መርፌና የሰሜኑን ብርሃን ሁኔታ መመዝገቡን አልተወም።

በግንቦት 1874 መርከቢቱን ትተው፣ ጀልባዎቻቸውን በበረዶ ላይ እየጎተቱ ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመሩ። እነርሱ ወደ ፊት ሲጎትቱ በረዶው ወደ ኋላ ይመልሳቸው ስለ ነበር፣ ሁለት ወር ደክመው ከመርከቢቱ እጅግም አልራቁም። ከ24ቱ ሰዎች አንዱ በሕመም ሞቶ ነበር፤ የቀሩትን በነሐሴ ወር የሩሲያ መርከበኞች አዳኗቸው።

በቪየና ሕዝቡ በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ረክቶ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን በ1875 በግራዝ ከተማ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ አዲስ ምድር ለማግኘት የሚደረገው እሽቅድምድም ለሳይንስ ብዙ እንደማይጠቅም አስረዳ። እንዲህ ማለቱ የራሱን ዝና ማቃለሉ ነበር። የማግኔቱ መርፌ በአንድ ቦታ ሲናወጥ ያየ ሰው፣ በዚያው ደቂቃ በሌላው ቦታ የሆነውን ካላወቀ ምክንያቱን አይደርስበትም። ስለዚህ መንግሥታት በዋልታው ዙሪያ ጣቢያ አቁመው፣ በአንድ ዐይነት መሣሪያና በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲለኩ አሳሰበ።

እሱ ግን ፍሬውን አላየም፤ በ1881 በሳንባ ነቀርሳ በ42 ዓመቱ አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ተጀመረ። በሰሜን 12፣ በደቡብ 2 ጣቢያዎች ቆሙ። በየወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን፣ ሁሉም በጀርመኗ በጌቲንገን ከተማ ሰዓት እየተመሩ መርፌውን በየ5 ደቂቃው ተመለከቱ።

ሥራው በ1932 እና በ1933 ተደገመ። በ1957 እና በ1958 ደግሞ 67 አገሮች የተባበሩበት የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሆነ። አዲስ አበባ ለማግኔቱ የምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች፣ በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ተቋቋመ። እንግዲህ በበረዶ መካከል የታሰበው ሐሳብ ወደ እኛም አገር ደረሰ ማለት ነው።

ዘንድሮ ክፍላችን ሙቀቱን የሚለካው በጧቱ ደወል፣ ሁላችንም በአንድነት ነው። የማን ቁጥር እንደሚበልጥም የሚጠይቅ የለም።