ጆሴፍ ብላክ እና ሳይታተም የቆየው የድብቅ ሙቀት ግኝት

በረዶ ሲቀልጥ ሙቀት እየተቀበለ መጠነ ሙቀቱ ግን ከፍ እንደማይል በልኬት ያሳየው ጆሴፍ ብላክ፣ ይህን ግኝቱን በሕይወት ዘመኑ አላሳተመም። በዘመኑ የነበሩ ምሁራን ስለ ሥራው ያወቁት በአብዛኛው በመማሪያ ክፍል ከሰጠው ገለጻና ተማሪዎቹ ከያዙት ማስታወሻ ነው።

ብላክ እ.ኤ.አ. በ1728 በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከቤልፋስት የመጣ፣ የዘር ሐረጉ ከስኮትላንድ የሚመዘዝ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በዊሊያም ከለን ሥር ኬሚስትሪ ተማረ፤ በ1754 በኤድንብራ በሕክምና ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉና እርሱን የተከተለው ጥናት ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ ከተራው አየር የተለየ መሆኑን አረጋገጡ። የዚያ ሥራ ዋና መሣሪያ ሚዛን ነበር። ሙቀት ግን በሚዛን አይመዘንምና ወደዚህ ጥያቄ ሲዞር ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት።

በ1756 ለማስተማር ወደ ግላስጎው ተመለሰ። በጊዜው ሰፍኖ የነበረው አስተሳሰብ መቅለጫው ላይ የደረሰ በረዶ ወደ ውሃ ለመለወጥ ጥቂት ተጨማሪ ሙቀት ብቻ ይበቃዋል የሚል ነበር። ብላክ ይህን ተጠራጠረ። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የክረምቱ በረዶ አየሩ እንደሞቀ ወዲያው ቀልጦ አገሩን በጎርፍ ባጥለቀለቀው ነበር፤ በተራሮች ላይ ያለው በረዶ ግን ለመቅለጥ ሳምንታት ይወስዳል።

ሙከራው ቀላል ነበር። በሁለት ተመሳሳይ ክብ የብርጭቆ ዕቃዎች እኩል ውሃ ሞልቶ አንዱን አበረደና በረዶ አደረገው፤ ሌላውን ወደ 33 ዲግሪ ፋራናይት አቀዘቀዘው። ሁለቱንም መጠነ ሙቀቱ 47 ዲግሪ በሆነ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንጠለጠላቸው። ውሃው በግማሽ ሰዓት 7 ዲግሪ ጨምሮ 40 ደረሰ። በረዶ የነበረው እዚያው ዲግሪ ላይ ለመድረስ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 21 ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ሁለቱ የሚገባው ሙቀት እኩል ነው ብሎ በመገመት 21ን በ7 አባዛ፤ ከ147ቱ ቴርሞሜትሩ ያሳየውን 8 ሲቀንስ 139 ቀረው። ግምቱ በጥብቅ ሲመረመር ክፍተት አለው፤ ዕቃው ከክፍሉ ጋር በሙቀት እየተቀራረበ ሲሄድ የሚገባው ሙቀት ይቀንሳልና። ብላክ ግን በረዶን በሞቀ ውሃ ውስጥ በማቅለጥም ሞክሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል። ውጤቱ በዛሬው መለኪያ ለአንድ ግራም 77 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ አሁን ተቀባይነት ያለው 80 ገደማ ነው። በሰዓትና በቴርሞሜትር ብቻ ለተገኘ ቁጥር ይህ የሚደነቅ ነው።

ግኝቱን በሚያዝያ 1762 በግላስጎው ለዩኒቨርሲቲው ምሁራን ማኅበር በንባብ አቀረበ። ሙቀቱንም ቴርሞሜትር ስለማያሳየው ድብቅ አለው። ቀጥሎ ወደ እንፋሎት ተሻገረ። በጋለ ብረት ላይ በተቀመጠ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ የነበረ 50 ዲግሪ ውሃ በ4 ደቂቃ ፈላ፤ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ሌላ 20 ደቂቃ ወሰደ። ከዚህ ያሰላው 810 ዲግሪ ከዛሬው ቁጥር አንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል።

በዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ሠሪ የነበረው ጄምስ ዋት የኒውኮመን ሞተርን ሞዴል ሲጠግን ጥቂት እንፋሎት የክብደቱን ስድስት እጥፍ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍላቱ አስገረመውና ብላክን ጠየቀ፤ ምክንያቱንም ከእርሱ ሰማ። የዋት የተለየ ማቀዝቀዣ ከብላክ ትምህርት በቀጥታ ተወለደ የሚለው በስፋት የሚነገር ታሪክ ግን የተጋነነ ነው፤ ዋት ራሱ አስተባብሎታል። ትምህርቱ ዋት በሙከራ ላገኘው ነገር ምክንያት ሰጠው ማለቱ ለእውነቱ ይቀርባል።

ብላክ በ1766 ወደ ኤድንብራ ተዛውሮ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኬሚስትሪ አስተማረ። ለምን እንዳላሳተመ ሲገለጽ የጤናው ደካማነት፣ የማስተማር ጫናና ያልተሟላ ሥራ ለማውጣት አለመውደዱ ይጠቀሳሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አጥጋቢ አይመስሉኝም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ስዊድናዊው ዮሃን ካርል ቪልከ በረዶን በሙቅ ውሃ በማቅለጥ ራሱን ችሎ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደርሶ በ1772 አቀረበ፤ ስለ ቀዳሚነትም ክርክር ተነሣ። ላቮይዜና ላፕላስም በ1780ዎቹ መጀመሪያ ሙቀትን በቀለጠ በረዶ መጠን የሚለካ መሣሪያ ሠርተው ተጠቀሙ።

ብላክ በ1799 አረፈ። የተበታተኑ የማስተማሪያ ወረቀቶቹን የቀድሞ ተማሪው ጆን ሮቢሰን አሰባስቦ በ1803 አሳተማቸው፤ ግኝቱ በግላስጎው ከተነበበ ከ41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።