ቁጥር 38፦ የቸኪ ማሊንስ አጭር ዕድሜ

ስለ አንገት አከርካሪ ጉዳት በተማርንበት ሳምንት አንድ የቆየ ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ተመልክተን ነበር። ርዝመቱ ጥቂት ሰከንድ ነው። አንድ ተጫዋች ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ለመያዝ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላው ከኋላው እየተምዘገዘገ ይመጣና በጭንቅላቱ ጀርባውን ይመታዋል፣ ኳሱ ያመልጣል፣ ሁለቱም ይወድቃሉ። ከዚያ አንደኛው ይነሳል። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን ተጎጂው የተመታው ልጅ ነው ብለን ነበር የጠበቅነው። ሳይነሳ የቀረው ግን መቺው ነው።

መምህራችን የአጥንቱን ጉዳይ አስረድተውን ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ። እኔ ግን ልጁ ማን እንደነበረ ሳላውቅ ማለፍ አቃተኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ሳነብና ስመለከት የሰነበትኩት ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሉ ስሙ ሮይ ሊ ማሊንስ ነው። ቸኪ እያሉ ነው የሚጠሩት። በሐምሌ 1969 ተወለደ፣ ያደገው አላባማ ውስጥ ራስልቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት። አባት የሚባል አጠገቡ አልነበረም። በከተማው የልጆች ስፖርት ይመራ የነበረ ካርቨር ፊሊፕስ የሚባል ሰው፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሕጋዊ አሳዳጊም ሆነው። ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል። ለእኛ ኳስ ማለት ሌላ ነው። በአሜሪካን ፉትቦል ሞላላዋ ኳስ በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች፤ ተከላካዩ ደግሞ ኳሷን የያዘውን ሰው በአካሉ ገጭቶ መጣል አለበት። ከተከላካዮች ሁሉ ወደ ኋላ የሚቆሙት ዲፌንሲቭ ባክ ይባላሉ። ሥራቸው የተወረወረች ኳስ ለተቀባዩ እንዳትደርስ ማድረግ ነው፣ ከደረሰችም ሰውየውን እዚያው ማስቀረት። ከነሱ ካመለጠ ከኋላ ማንም የለም፣ ጎል ነው። ብዙ ጊዜ ከሚገጩት ሰው ያነሱና የቀለሉ ናቸው፤ የሚያካክሱት በፍጥነትና በድፍረት ነው። ቸኪም ቀጭን ነበር። ለትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አቅሙም ፍጥነቱም አይበቃም የሚሉ ነበሩ። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቢሊ ብሩወር ግን የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጠው።

እዚህ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ መዝለል አይቻልም። ኦክስፎርድ ከተማ የሚገኘው ይህ ዩኒቨርሲቲ በቁልምጫ ኦል ሚስ ይባላል። በ1962 ጄምስ ሜሪዲት የተባለ ጥቁር ወጣት ለመመዝገብ ሲመጣ ግቢው በረብሻ ተናወጠ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ፀጥታ ለማስከበር የፌዴራል ጦር መግባት ነበረበት። የፉትቦል ቡድኑ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ በ1972 ነው። ቸኪ በሚጫወትበት ጊዜ እንኳ ደጋፊው ስታዲየም ውስጥ የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ ያውለበልብ ነበር፤ ማለትም በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነት እንዳይቀር የተዋጋውን ወገን ባንዲራ። አንድ ጥቁር ልጅ ታክል ሲገባ ያ ባንዲራ ይነሳለታል። ምን ይሰማው እንደነበር እኔ እንጃ። የሚያስታውሱት ሰዎች ሁሉ ከምንም በፊት የሚያነሱት ፈገግታውን ነው።

ጥቅምት 28 ቀን 1989 ኦል ሚስ በሜዳው ከቫንደርቢልት ጋር ተጋጠመ። በመጀመሪያው ሩብ ቫንደርቢልት ወደ ጎል ተጠግቶ ሳለ ኳስ ለብራድ ጌንስ ተወረወረች። ጌንስ ነጭ ነው፣ ግዙፍ፣ ከቸኪ በብዙ ኪሎ የሚበልጥ። ቸኪ ከኋላ ደረሰ፣ መታው፣ ኳሷ አመለጠች። ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

በክፍል የተማርነውን እዚህ ላይ ላምጣው። አንገታችን ቀና ስንል ወደ ፊት ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ በዚያ ጉብጠት ምክንያት ከላይ የሚመጣ ኃይል በጡንቻውና በጅማቱ ይከፋፈላል። ጭንቅላት ወደ 30 ዲግሪ ያህል ሲደፋ ግን ጉብጠቱ ይጠፋና አጥንቶቹ እንደ ቀጥ ያለ ምሰሶ ይደረደራሉ። በዚያች ቅጽበት አናት አንድ ነገር ከመታ ጭንቅላት ይቆማል፣ የተቀረው ሰውነት ግን አልቆመም፣ ከኋላ እየገፋ ነው። መሐል ቤት የሚፈጨው አንገት ነው። ሄልሜት ጭንቅላትን እንጂ አንገትን አያድንም፤ እንዲያውም ተጫዋቹ ጭንቅላቱን እንደ መሣሪያ እንዲቆጥረው ያደፋፍረዋል ተብሎ ይታማል። በ1976 በጭንቅላት ሆን ብሎ መምታትን የሚከለክል ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሽባ የሚያደርጉ ጉዳቶች በብዙ ቀንሰዋል። ሕጉ ግን የሚሠራው ለማሰብ ጊዜ ላለው ሰው ነው። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የቸኪ አንገት የተደፋው በመጨረሻዋ ቅንጣት ጊዜ ነው። ክፋትም ቸልተኝነትም አላየሁበትም። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ የሃያ ዓመት ልጅ ነው የሚታየው።

አራት የአንገቱ አከርካሪ አጥንቶች ተሰባበሩ። ወደ ሜምፊስ ተወስዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ሕይወቱም ተረፈ፤ ከአንገቱ በታች ግን መንቀሳቀስ አልቻለም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኦል ሚስ በሜዳው ከሉዊዚያና ስቴት ጋር ይጫወት ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ለቸኪ መዋጮ ተሰበሰበ። ባንዲራውን የሚያውለበልበው ሕዝብ ኪሱን ፈታ። ገንዘቡ ከሌላ ቦታም ጎረፈ፣ ከተጋጣሚ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከማያውቁት ሰዎች፤ በስሙ የተቋቋመው ፈንድ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) ሆስፒታል ድረስ ሄደው ጠየቁት።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ጥቁርና ነጭ ታረቀ ብለው ይዘጉታል። እኔ እንዲህ በቀላሉ አይዋጥልኝም። የወደቀን ሰው መውደድ ከቆመው ይቀላል። የባንዲራው እንጨት ከስታዲየሙ የተከለከለው በ1997 ነው፣ ቸኪ ከሞተ ስድስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው፤ ለዚያውም በደኅንነት ስም። በሌላ በኩል ግን ገንዘቡ ወሬ አልነበረም። ለዊልቸር የሚመች ቤት ኦክስፎርድ ውስጥ ተሠርቶበታል፣ አስታማሚ ተቀጥሮበታል። ባንዲራ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ብር የሚጥለውን ሰው ግብዝ ልበለው ወይስ ደግ? ሁለቱንም መሆን የሚቻል ይመስለኛል፤ አብረውኝ ያሉ ተማሪዎች ግን በዚህ አልተስማሙም፣ ክርክሩ እስከ ካፌ ድረስ ቀጥሎ ነበር።

ታኅሣሥ 28 ቀን 1989 ቡድኑ ሜምፊስ ውስጥ ሊበርቲ ቦውል በሚባለው ጨዋታ ከአየር ኃይል አካዳሚ ጋር ተገናኘ። ቸኪን ከሆስፒታል አውጥተው መልበሻ ክፍል ድረስ አመጡት። ድምፁ ደካማ ነበር፣ ብዙ መናገር አልቻለም፤ ሰዓቱ መድረሱን ብቻ ነገራቸው። ወጥተው 42 ለ 29 አሸነፉ። በ2014 ስለ እሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ርዕሱን የወሰደው ከዚያች አጭር ንግግር ነው።

አሁን ወደ ካርቨር ፊሊፕስ ልመለስ። ልጁ ያደገ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ አደራው የተፈጸመ ነበር። ሰውየው ግን ቤተሰቡን ይዞ ከራስልቪል ኦክስፎርድ ገባ፣ እንደገና አሳዳጊ ሊሆን፣ ያውም አሁን የሚያጎርሱት፣ የሚያገላብጡት፣ ሌሊት የሚነሱለት ልጅ። ስለ ሚሊዮኑ ብዙ ተጽፏል። ስለዚህ ሰው ያገኘሁት ግን ጥቂት መስመር ነው። ይህ ያናደደኝ ነገር ነው፣ ደብቄ አላልፈውም።

ቸኪ ደግሞ ትምህርቱን ሊቀጥል ፈለገ። በጥር 1991 በዊልቸር ክፍል ገባ። ጉዳት የደረሰበት ስፖርተኛ የማገገሚያ ዓላማው ምን ይሁን ተብሎ በፈተና የሚመጣው ጥያቄ ትዝ ይለኛል፤ መልሱ እንቅስቃሴን መመለስ ነው ብለን እንጽፋለን። ለእሱ እንቅስቃሴ አልተመለሰም፤ የተመለሰው ተማሪነቱ ነው፣ እሱም ለአራት ወር ያህል ብቻ። ግንቦት 1 ቀን ጠዋት፣ ለክፍል እየተዘጋጀ ሳለ ትንፋሹ ቆመ። በሳንባው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነው። ሰውነቱ ለማይንቀሳቀስ ሕመምተኛ ይህ ከሚፈሩት አደጋዎች ዋናው ነው፤ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የእግር ጡንቻ ሥራ ስላቆመ ደም በእግር ሥሮች ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ ቁራጩ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። በግንቦት 6 ቀን 1991 አረፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። የተቀበረው በራስልቪል ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከ1990 ጀምሮ በስሙ ለተከላካይ የሚሰጥ የጽናት ሽልማት አቋቁሟል፤ ሽልማቱን ያገኘ ተጫዋች ለዓመታት ቁጥር 38ን ይለብስ ነበር። በ2006 ቁጥሩን በክብር አስቀመጡት። ግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራ መንገድም አለ።

የቀረኝ የብራድ ጌንስ ነገር ነው። እሱ የተመታው ነው እንጂ አልመታም። ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፣ ማን እንደመጣበት እንኳ አላየም። በየትኛውም ሕግ፣ በየትኛውም የሽምግልና ወግ ቢታይ ዕዳ የለበትም። ግን ልጁ እንደማይነሳ ሲሰማ ነገሩ ከላዩ አልወርድ አለው፤ ጨዋታውም እንደ ድሮው አልጣመውም። ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ ፈርቶ ነበር። ያረጋጋው ቸኪ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ጓደኛሞች ሆኑ፣ እስከ መጨረሻው።

ቸኪ ከሞተ በኋላ ጌንስ ከቴነሲ እየነዳ ራስልቪል መመላለስ ጀመረ። በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። አንዱ ግንቦት 6፣ ሙት ዓመቱ። አንዱ ጥቅምት 28፣ የተጋጩበት ቀን። ይህን እንዲህ አድርጎ ከሠላሳ ዓመት ለበለጠ ጊዜ ይዞታል፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሥራ ይዞ ሳለ። ሲደርስ መቃብሩን ያጸዳል፣ ድንጋዩን ይወለውላል፣ ትንሽ ይቆያል። ሦስተኛው ቀን የፈረንጆች ገና ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ቤቱ በሚውልበት ዕለት።