ግሥን ከጊዜው ጋር ያስታረቀ ሰው፦ ሊንድሊ ሙሬይ (1745–1826)

የዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የመጣው ከአንድ እፍረት ነው።

በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ብሎ ጻፈ። ማን እንደጻፈው አንናገርም፤ ከኋላ ቁጭ ብለን ስናይ ለአንዳችንም ስሕተቱ አልታየንምና የሁላችንም ጥፋት ነው። ልጆቹ እንዳለ ገለበጡት። የሚከታተሉን መምህር በክፍል ውስጥ ምንም አላሉም። ከወጣን በኋላ ግን ይኸ ዓረፍተ ነገር በስንት ደብተር ላይ እንዳለ ቆጥረን እንድንነግራቸው አዘዙን። ቆጠርን። ሃምሳ ስምንት!

ስሕተቱ ከየት መጣ? ባማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ቢባል ማንም አይስቅም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ያለቀ፣ የተዘጋ ቀን ነው። «ሃቭ ሲን» ደግሞ እስካሁን የሚደርስ ጊዜን የሚያመለክት ስለሆነ ሁለቱ ባንድ ቤት አይኖሩም። ትክክሉ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው። ይህን ጉዳይ በሥርዓት አስቀምጠው በትምህርት ቤቶች ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሊንድሊ ሙሬይ ይባላል። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙሬይ በ1745 በሰሜን አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በኋላ በኒውዮርክ የታወቀ ሀብታም ነጋዴ ሆነ። ልጁን ነጋዴ ሊያደርገው ቢፈልግም ልጁ ግን መጽሐፍ ወዳድ ነበር። አንድ ቀን አባቱ ስለቀጣው ተቆጥቶ ከቤት ጠፋ። የት ተገኘ ብትሉ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት! ከቤት ጠፍቶ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ስንቱ ነው?

አድጎ ሕግ ተማረና በኒውዮርክ ጠበቃ ሆነ። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ዘመን ወደ ንግድ ገብቶ በቂ ሀብት አከማቸ። ነገር ግን ጡንቻዎቹን የሚያደክም ሕመም ያዘው። የአየር ለውጥ ይሻለው እንደሆነ ብሎ በ1784 ከሚስቱ ከሐና ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረና ዮርክ ከተማ አጠገብ ሆልጌት በምትባል መንደር ተቀመጠ። ሕመሙ ግን ጸናበት እንጂ አልተሻለውም። መራመድ አቃተው፤ ውሎው ወንበር ላይ ሆነ። በመጨረሻ ዓመታቱ ከቤት መውጣት እንኳ አልቻለም።

እንዲህ ወንበር ላይ የዋለ ሰው እንዴት የብዙ ሺህ ተማሪዎች አስተማሪ ሆነ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኛን እጩ መምህራንን የሚነካው። በዮርክ አንድ የኩዌከሮች የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። የዚያ ትምህርት ቤት ወጣት አስተማሪዎች ለተማሪዎቻቸው የሚስማማ የሰዋስው መጽሐፍ ቢያጡ እንዲያዘጋጅላቸው በደብዳቤ ለመኑት። መጀመሪያ አመነታ፤ በኋላ ግን እሺ ብሎ ጻፈ። «የእንግሊዝኛ ሰዋስው» የተባለው መጽሐፉ በ1795 ታተመ። ለአንድ ትምህርት ቤት የታሰበው መጽሐፍ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተስፋፍቶ ከመቶ ጊዜ በላይ ታተመ።

ስለ ጊዜ ያስተማረውን ባጭሩ እንመልከት። ሙሬይ የእንግሊዝኛን ግሥ በስድስት ጊዜዎች ከፈለው፦ አንድ የአሁን፣ ሦስት ያለፈ፣ ሁለት የወደፊት። ካለፉት መካከል ፈጽሞ የተዘጋውን፣ ከአሁኑ ጋር ገና ካልተቆራረጠው ለየ። ስለዚህ «ላስት ዊክ» ካልን ሳምንቱ አልቋልና «ሶው»፤ «ዚስ ዊክ» ካልን ግን ሳምንቱ ገና ስላላለቀ «ሃቭ ሲን» ማለት እንችላለን። በጊዜ የተያያዙ ቃላትና ግሦች የጊዜን ቅደም ተከተል እንዲጠብቁም ራሱን የቻለ ደንብ አወጣ።

ይኸው ደንብ ሌላም ስሕተታችንን ያርማል። «ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ» የሚለውን አማርኛ ይዘን «አይ ኖው ሂም ፎር ቱ ይርስ» እንላለን። መባል ያለበት «አይ ሃቭ ኖውን ሂም» ነው፤ ትውውቁ ድሮ ጀምሮ እስካሁን ዘልቋልና። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት፣ «ሲንስ» ደግሞ መነሻውን እንደሚናገርም አንርሳ።

በ1797 ሙሬይ የመልመጃ መጽሐፍ አወጣ። መልመጃው ሆን ተብሎ በተበላሹ ዓረፍተ ነገሮች የተሞላ ሲሆን ተማሪው ራሱ እያረመ ይማር ነበር። የእርማቱ መልስ በሌላ መጽሐፍ ለብቻው ወጣ።

ጉድለት አልነበረውም አንልም። አብዛኛውን ደንብ እንደ ሮበርት ላውዝ ካሉ ቀደምት ጸሐፊዎች ነው የወሰደው፤ እሱም ራሱን አሰባሳቢ እንጂ ፈልሳፊ አላለም። እንግሊዝኛን በላቲን ቅርጽ አስገብቷል፣ ተማሪን በሽምደዳ አድክሟል ብለው የነቀፉትም አሉ። ከደንቦቹ ዛሬ የተተዉ ጥቂት አይደሉም። ያለቀውንና ያላለቀውን ጊዜ መለየት ግን ዛሬም እንግሊዝኛ የምናስተምርበት ነው።

ሙሬይ ከመጽሐፎቹ ያገኘውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሰጠ። በ1826 በ80 ዓመቱ በሆልጌት አረፈ።

የኛስ ነገር? በማግስቱ ያንኑ ስሕተት እንደገና ሰሌዳው ላይ ጻፍነውና ትናንት የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ለልጆቹ ነገርናቸው። ከዚያ ጠመኔውን ሰጠናቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ወጥታ «ሃቭ ሲን»ን አጥፍታ «ሶው» ብላ ተካች። ከዚያ ሃምሳ ስምንቱም ደብተር ታረመ። የሚከታተሉን መምህር ያን ቀንም ምንም አላሉም፤ ግን ፈገግ ብለዋል።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ጠመኔ ከማንሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይኸ ጊዜ አልቋል ወይስ አላለቀም? የተማሪው ደብተር የኛን ስሕተት ከኛ ይልቅ ያቆያል።