ስለ ዶክቶር ኤቫርትስ ግራሃምና ስለ ሲጃራ

በሐኪሞች ዘንድ ስሙ የታወቀው ዶክቶር ኤቫርትስ ግራሃም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበረና እርሱም ያንኑ ሙያ ተከተለ። በ1933 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ፥ ነቀርሳ የያዘውን የአንድ ሰው ግራ ሳንባ በሙሉ ቈርጦ አወጣ፤ በሽተኛውም ድኖ ብዙ ዘመን ኖረ። ስለዚህም ሥራ ዝናው በየአገሩ ተሰማ።

ይህ ሐኪም ግን ራሱ ሲጃራ አብዝቶ ያጤስ ነበር። ኤርንስት ዊንደር የተባለ ወጣት ተማሪ ሲጃራ የሳንባ ነቀርሳ ያመጣ እንደ ሆነ ሊመረምር በተነሣ ጊዜ፥ ነገሩን ባያምንም አልከለከለውም። ሁለቱም ስለ 684 በሽተኞች መርምረው፥ ለረዥም ዘመን አብዝቶ ማጤስ ለዚህ በሽታ ትልቅ ምክንያት መስሎ መታየቱን በ1950 ዓ.ም. አሳትመው ገለጡ። ግራሃምም እውነቱን ከተረዳ በኋላ ሲጃራውን ተወ።

ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. ያው በሽታ በራሱ ላይ ተገኘ። ነቀርሳው ሁለቱንም ሳንባዎች ይዞ ስለ ነበረ፥ እርሱ ለሌላው ያደረገውን ለእርሱ ሊያደርግለት የሚችል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሞተ። ያዳነው በሽተኛ ግን ከእርሱ በኋላ በሕይወት ቈየ።

አንባቢ ሆይ፥ እንግዲህ መተው ከንቱ ነው አትበል። ሲጃራን የተወ ሰው የነቀርሳው አደጋ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንስለታል። የታመመም ቢሆን ቢተወው፥ የተቀደደው ቍስል ደኅና ሆኖ ይሽርለታል፤ የጨረር ሕክምናም ይበልጥ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትል ተወው።