ብርን በጨው የለካው ጌይ-ሉሳክ

የጌይ-ሉሳክን ስም የማያውቅ ዕጩ መምህር በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የጋዞችን ሕግ ስናጠና ሸምድደነዋል። ሰውየው ግን በዚያች ሕግ ብቻ አይታወቅም፤ በሙሙት ውስጥ ያለ ብር ስንት እንደሆነ በጠብታ የለካም እሱ ነው። ከሸርቆሌ ለመጣን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በአገራችን ወርቅ ከወንዝ አሸዋ በገበቴ ታጥቦ ይወጣል፤ ንጥረቱን የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ገዢው ነው። ያጠበችው እናት ቃሉን ከማመን በቀር ምን ታደርጋለች?

ጆሴፍ ሉዊ ጌይ-ሉሳክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1778 ሴን ሌዮናር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ሲሆን በአብዮቱ ዘመን ታስሮ ነበር። ልጁ በ1797 ፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ፤ ታላቁ ኬሚስት ቤርቶሌም ረዳቱ አደረገው። ረዳቱ ያደረገው ሙከራ የቤርቶሌን ግምት የሚያፈርስ ውጤት ሲያመጣ መምህሩ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ይበልጥ ወደደው። እንዲህ ያለ አስተማሪ ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው!

በ1804 ብቻውን በባሉን ከ7000 ሜትር በላይ ወጥቶ የዚያን ከፍታ አየር በጠርሙስ ይዞ ወረደ። በ1808 ያጠናናትን ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ፖታሲየም ፈንድቶበት ዓይኑን ሊያጣ ምንም አልቀረው። በ1809 አገባ። ሚስቱ የጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ ሳለች የኬሚስትሪ መጽሐፍ ስታነብ አይቷት ነው ይባላል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። በ1829 የፈረንሳይ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዋና መርማሪ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ብር የሚፈተነው በእሳት ነበር። ከእርሳስ ጋር ይቀልጥና ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ ይቀመጣል፤ እርሳሱና መዳቡ ወደ ጽዋው ሲሰርጉ ንጹሑ ብር ይቀራል። ታዲያ ጥቂት ብርም አብሮ ይሰርጋል። ሚዛኑ ሁልጊዜ አጉድሎ ይናገር ነበር ማለት ነው፤ ጉዳቱም ብሩን ባመጣው ሰው ላይ ነው።

ጌይ-ሉሳክ እሳቱን ትቶ ውሃ መረጠ። ዘዴውን በ1832 አሳተመ። ብሩ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያ የገበታ ጨው ሙሙት ይጨመርበታል። ጨውና ብር ሲገናኙ እንደ እርጎ የነጣ ዝቃጭ ይወርዳል። ለ1 ግራም ብር የሚበቃው 0.542 ግራም ጨው ነው፤ ይህ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አሥር ጊዜ የቀጠነ ሙሙት ይወሰዳል፤ የዚህ 1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ብር ያወርዳል። ጠርሙሱን መነቅነቅ፣ እስኪጠራ መጠበቅ፣ እንደገና መጨመር ነው። አዲስ ደመና ካልታየ ብሩ አልቋል። ስሕተቱ ከሺህ ግማሽ እጅ ያህል ብቻ ነበር። ቡሬትና ፒፔት የሚሉትን ስሞችም ለእነዚህ መሣሪያዎች የሰጠ ራሱ ነው፤ ይህም በ1824 ኢንዲጎ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም ይዞ የክሎሪንን ኃይል ሲለካ ነበር።

በእኛ አገር በዚያ ዘመን የሚዘዋወረው ጠገራ ብር ከሺህ 833 እጅ ብር ነበረው። ይህን ግን ገበያተኛው በምን ይወቅ? በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥራል፤ ያረጀውን አልቀበልም ይላል። ዕንቁ ቆጠራ ደግሞ ስለ ማኅተሙ እንጂ ስለ ብሩ አይናገርም።

ጌይ-ሉሳክ በ1850 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። በጨው ዘዴው አንድ የሚያደክም ነገር ቀርቶ ነበር፤ ደመናው እስኪጠራ መጠበቁ። ይህን ያቀለለው በ1874 ጀርመናዊው ፎልሃርድ ነው። በብሩ ሙሙት ውስጥ ጥቂት የብረት ጨው ጨመረ፤ ከቡሬቱ ደግሞ በገበታ ጨው ፈንታ ታዮሳይኔት አንጠበጠበ። ብር እስካለ ድረስ ነጭ ዝቃጭ ብቻ ይወርዳል። ብሩ እንዳለቀ ትርፍ የሆነችው ጠብታ ከብረቱ ጋር ተገናኝታ ሙሙቱን ደም መሳይ ታደርገዋለች፤ ያኔ ቡሬቱን ዘግቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው።